የሚያፈሰው ጣራና የጠፋው ሰሞን፦ የሰሜን ሸዋ ጥንታዊ ቅርሶች ለምን ይፈርሳሉ?

ነሐሴ ሲጋመስ ከሰሜን ሸዋ የሚወጡ ፎቶግራፎች በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራሉ፦ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤተ ክርስቲያን፣ ቆርቆሮው የተገነጠለ ዕቃ ቤት፣ ቁጥቋጦ የዋጠው የድንጋይ ፍርስራሽ። ከፎቶዎቹ ሥር የሚጻፈው አስተያየት ብዙ ቢሆንም ተጠቃሎ ሲታይ ሦስት ጥያቄ ነው። አንዱ መንግሥት ያድስልን ይላል። ሌላው ዩኔስኮ ይመዝግብልን ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አቅም ያለው ሰው ተነሥቶ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ እንዲሠራ ይለምናል።

ሦስቱም ከአንድ ሐሳብ ይነሣሉ፤ ቅርሱ የሚፈርሰው ትልቅ ገንዘብ ስላልመጣለት ነው ከሚል። የገንዘብ እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ጥንታዊ ሕንጻ በአብዛኛው የሚሞተው ትልቅ ገንዘብ በማጣት አይደለም። የሚሞተው በየዓመቱ ሊወጣለት የሚገባው ትንሽ ገንዘብ ሲቋረጥና ያንን ትንሽ ገንዘብ በወቅቱ የማውጣት ግዴታ ያለበት ሰው ሲጠፋ ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ትንሽ ገንዘብ ቀድሞ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ መቼና እንዴት እንደተቋረጠ፣ ዛሬ ለምን እንዳልተተካ ለማስረዳት ይሞክራል።

የትኞቹን ቅርሶች ማለታችን ነው?

ሰሜን ሸዋ የሚለው ስም ዛሬ ሁለት ዞኖችን ይጠራል፤ ደብረ ብርሃንን ማእከል ያደረገውን የአማራ ክልል ዞንና ፍቼን ማእከል ያደረገውን የኦሮሚያ ክልል ዞን። እዚህ በአብዛኛው የምንመለከተው የመጀመሪያውን ነው፤ ችግሩ ግን ወሰን አይለይም።

በዚህ ዞን ውስጥ የተከማቸው ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም። በመንዝ ደጋ ላይ የጥንት ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው የአፈርና የድንጋይ ጉብታዎች አሉ። አርኪዮሎጂስቶች «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት ይህ የአቀባበር ሥርዓት ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ ሲሆን፣ ቀባሪዎቹ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አልነበሩም። ወደ ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ተረተር ላይ፣ የኢፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ አለ፦ ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል፣ ፋቂ ደቢስ። እነዚህ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንግድ የበለጸጉ፣ መስጊድና መቃብር፣ የመኖሪያ ሰፈርና የውሃ መያዣ የነበራቸው የድንጋይ ከተሞች ናቸው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ጀምሮ አጥንተዋቸዋል፤ በኖራ የመስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ከዚያ የነገሥታቱ ከተሞች ይመጣሉ። ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረች ናት። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ የተቀበሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ሁለተኛ መቀመጫቸው በነበረችው በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ተወለዱ። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ነበረች። በእነዚህ ሁሉ መካከል በየአምባውና በየዋሻው የቆሙ አድባራትና ገዳማት፣ በየዕቃ ቤታቸውም የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና አልባሳት አሉ።

ስለ ጥበቃ ሲወራ እነዚህን በሁለት መክፈል ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ዛሬም የሚጸለይባቸው ስለሆኑ ባለሙያዎች «ሕያው ቅርስ» ይሏቸዋል፤ ቢያፈስ የሚያይ፣ ቢሰነጠቅ የሚጮህ ሰው አላቸው። የኖራ ፍርስራሽና የመንዝ ጉብታ ግን ምእመን የላቸውም። ድንጋያቸው ለእርከን ወይም ለአጥር ቢነሣ፣ ማረሻ ቢያልፍባቸው፣ ወርቅ ፈላጊ ቢቆፍራቸው በማግሥቱ የሚያውቅ የለም። የገንዘብ ጥያቄው ለሁለቱ አንድ መልስ ሊኖረው አይችልም።

ውሃ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ

የሸዋ ደጋ ጥንታዊ ሕንጻ በአብዛኛው ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨትና ሣር ነው። የድንጋዩ ግድግዳ በጭቃ ተያይዞ፣ በጭድ በተቦካ ምርግ ተለስኖ፣ በጽድና በወይራ ቋሚዎች ላይ ወጋግራና ማገር ተዘርግቶ በሣር ይከደናል። ይህ አሠራር ደካማ አይደለም፤ ደርቆ እስከ ቆየ ድረስ መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል። ጠላቱ አንድ ነው፤ ውሃ።

የሣር ክዳን ውሃውን በሁለት መንገድ ይከለክላል። አንደኛ፣ ወፍራም ስለሆነ ዝናቡን ይመጥና ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ከግድግዳው ርቆ ስለሚወጣ የሚንጠባጠበው ከመሠረቱ ራቅ ብሎ ይወድቃል። ዋጋው ደግሞ በየጊዜው መታደሱ ነው፤ ያልታደሰ ሣር ይበሰብሳል፣ ይቦረቦራል፣ እሳትም ይፈራለታል። ስለዚህ ቆርቆሮ ሲመጣ አድባራቱ የተቀበሉት በደስታ ነው፤ ምክንያቱንም መረዳት ይቻላል።

ነገር ግን ቆርቆሮ ያለ አሸንዳ ሲከደን የጣራው ውሃ በሙሉ በአንድ መስመር፣ በኃይል፣ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ያ መስመር ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ መሠረቱን ያላላል፤ መሠረቱ በአንድ ወገን ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ምስማሩ የላላበት ቆርቆሮ በነፋስ ሲንቀሳቀስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሚገባው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ለዓመታት ላይታይ ይችላል። የተረሳው ነገር በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ነው። በብዙ አድባራት ሥዕሉ የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከጀርባው ርጥበት ሲገባ ልጣፉ ይለቃል፣ ጨርቁ ይሻግታል፣ ቀለሙ ይረግፋል። ከጣራው የተነሣች አንዲት ምስማር ከአሥር ዓመት በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስን ፊት ትወስዳለች።

ደጋው ሌላም ጠባይ አለው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ክረምቱን ሲመጥ የከረመ ግድግዳ ሳይደርቅ ውርጭ ከደረሰበት የላይኛው ልስን እየተፈረፈረ ይወርዳል። በስንጥቁ ውስጥ የበቀለች ችግኝም በጊዜዋ ካልተነቀለች ሥሯ ድንጋይ ከድንጋይ ይለያል።

ጉዳቱ ሲታይ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው፤ ከዚህ በላይ በቅን ልቡና የሚደረግ ጥፋት ያለ አይመስለኝም። ሲሚንቶ ጠንካራና ውሃ የማያስተነፍስ ነው። ጭቃና የግንብ ኖራ ግን የመጠጡትን ርጥበት መልሰው ይተነፍሳሉ። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ፊቱ በሲሚንቶ ሲለሰን ውስጡ ያለው ርጥበት መውጫ ያጣል። ጨው ይዞ በድንጋዩ በኩል ይወጣና ድንጋዩን ይልጠዋል፤ ወይም ውስጡ ላልቶ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። ከውጭ ሲታይ ታድሷል፤ ከውስጥ ግን መፍረሱ ፈጥኗል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። አሸንዳ መጥረግ፣ ምስማር መምታት፣ ቦይ ማውጣት፣ ችግኝ መንቀል፣ በኖራና በጭቃ መምረግ፤ እነዚህ ርካሽ ሥራዎች ናቸው። ሳይደርቅ በርጥቡ ይሉት ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የሚወደደው የተዘለለው ዓመት ነው።

ቀድሞ ማን ይጠብቅ ነበር?

በዘመነ ነገሥት አንድ ደብር ሲተከል ታቦት ብቻ አይሰጠውም ነበር፤ መሬትም ይሰጠዋል። ለካህናቱ አገልግሎት የተመደበው መሬት ሰሞን ይባል ነበር፤ ቃሉ ካህናቱ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ከሚያገለግሉበት ተራ ጋር የተያያዘ ነው። ከመሬቱ የሚገኘው ግብር ለመባና ለዕጣን፣ ለካህናቱ መተዳደሪያ፣ ለሕንጻውም ይውላል። ንብረቱንና ሕንጻውን የሚጠብቅ ገበዝ የሚባል ሹም ነበር። በእስልምናም ተመሳሳይ ሐሳብ አለ። ወቅፍ ማለት አንድ ሰው ንብረቱን ለመስጊድ ወይም ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው መስጠቱ ነው፤ ገቢው ይበላል፣ ንብረቱ ግን አይሸጥም። በዛሬ የገንዘብ ቋንቋ ኢንዶውመንት የሚባለው ይኸው ነው፦ ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ ከሚያፈራው ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ሀብት።

ሥርዓቱን ማሳመር አያስፈልግም። በዚያ መሬት ላይ ገበሬ ነበር፤ የሚገብረውም ከላቡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ሲያደርግ ይህን ጫና ከገበሬው ላይ አነሣ፤ በፍትሕ ዓይን የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ቀን የሺህ አድባራት የጥገና ገቢ ቆመ፤ በምትኩ ጣራ የሚያስከድን ሌላ ምንጭ አልተሰየመም። ስለ ቅርስ መፍረስ ሲወራ ይህ ዓመት እምብዛም አይነሣም። በእኔ ግምት ግን ዛሬ የምናያቸው ብዙ ስንጥቆች መነሻቸው እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ አድባራቱ የሚተዳደሩት በሰበካ ጉባኤ ነው፦ ከአባላት ዓመታዊ መዋጮ፣ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ከስዕለት። ይህ ገቢ እጅግ ያልተመጣጠነ ነው። እንደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ከሩቅ አገር ምእመን የሚጎርፍባቸው ቦታዎች አሉ። ከእነሱ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ደግሞ ካህናቱ ራሳቸው እያረሱ የሚያገለግሉበት፣ ከሙዳየ ምጽዋቱ የሚገኘው ለዕጣንና ለጧፍ የማይበቃ የገጠር ደብር አለ። ጥንታዊው ሥዕልና ብራና ያለው ብዙ ጊዜ በዚህኛው ዘንድ ነው።

አንድ ምሳሌ ከዚሁ ዞን፣ ከቅርስ ክርክር ውጭ፣ ሊጠቀስ ይገባል። የመንዝ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ሜዳው ለአስቦና ለጌራ ተወላጆች ተከፍሎ፣ በመረጡት አለቃ ሥር፣ ለዓመታት ይከለላል፤ ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ተከፍቶ ይታጨዳል። ሣሩም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ቄሮም የፈረሰው በዚያው በ1967 ነው። የጓሳ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ነው፤ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ፣ መልሶ አቋቋመው፤ ክልሉም ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ፣ ከነቀይ ቀበሮውና ከነጭላዳው፣ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው። የመሬቱ አዋጅ ያፈረሰውን የጋራ ግዴታ የመሬቱን አዋጅ ሳይነኩ መተካት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በሸዋ የለም።

ሕጉ ምን ይላል? በጀቱስ?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብና በድርጅት ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለቤቱም በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት። የጥገና ሥራ ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይካሄድም፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊደግፍ ይችላል። «ይችላል» እንጂ «አለበት» አይደለም። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን ሀገራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል፤ የኃላፊነቱ ደረጃም በዚያው ይከፋፈላል።

እንግዲህ «መንግሥት ያድስልን» ለሚለው ጥያቄ ሕጉ የሚሰጠው መልስ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። የደብሩ ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመጀመሪያው ወጪም የእሷ ነው። በዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንዱ ወገን ቅርሱ የአገር ነው ከተባለ፣ ባለቤቱም ሲሚንቶ እንዳይነካ ከተከለከለ፣ አገር ወጪውን ሊጋራ ይገባል ይላል። ሌላው ወገን በሺህ የሚቆጠር ጥንታዊ ደብር ባለበት አገር መንግሥት ሁሉን እጠግናለሁ ቢል አንዱንም አይጠግንም፤ ደግሞም የሃይማኖት ተቋምን ወጪ በመንግሥት በጀት መሸፈን ከሌሎች ጋር የእኩልነት ጥያቄ ያስነሣል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ክርክሩ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ መንግሥት ገንዘብ ሲመድብ እንኳ የበጀቱ አሠራር ለጥገና አይመችም።

በጀት በሁለት መዝገብ ይያዛል። ካፒታል በጀት ለአዲስ ግንባታና ለፕሮጀክት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ የሚመረቅ ሥራ ይፈልጋል። መደበኛ በጀት የመሥሪያ ቤቱን የዕለት ሥራ ይሸፍናል፤ በወረዳ ደረጃ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። የአሸንዳ ጠረጋ ከሁለቱ የትኛው ነው? ለካፒታል ያንሳል፤ በመደበኛው ውስጥ ደግሞ ከደመወዝ፣ ከውሎ አበልና ከነዳጅ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ትንሹ ሥራ በሁለቱ መካከል ወድቆ ይቀራል፤ ሕንጻው ሲፈርስ ግን የካፒታል ፕሮጀክት ይሆናል።

የውጭ ለጋሾችም ከዚህ ጠባይ ነጻ አይደሉም። በላሊበላ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ይወድቁብናል ብሎ ሰልፍ ወጣ። ለተከላው ገንዘብ ነበር፤ ለክትትሉና ለማንሻው ግን በጊዜው የተመደበ አልነበረም። ይህ በዓለም ስሙ በሚታወቅ ቦታ ከሆነ፣ ስሙ በካርታ ላይ በማይገኝ የመንዝ ደብር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የዩኔስኮ መዝገብ ገንዘብ አይደለም

ኢትዮጵያ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ 12 ቦታዎችን በዓለም ቅርስነት አስመዝግባለች። ከሰሜን ሸዋ አንድም የለም። በዚህ ማዘን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ምዝገባ ማለት በጀት ማለት አይደለም። የዓለም ቅርስ ፈንድ ለመላው ዓለም የሚያከፋፍለው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የምዝገባው ዋና ውጤት አገሪቱ ራሷ ቦታውን ለመጠበቅ ዓለም አቀፍ ግዴታ መግባቷ ነው። ለመመዝገብም ወሰኑ የተለየ፣ የአስተዳደር እቅድና ጠባቂ ያለው ቦታ ማቅረብ ያስፈልጋል። ኖራ ወይም አንኮበር ወደዚያ እንዲደርሱ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ወሰን፣ ዘበኛና ቆጠራ ነው።

«አፍርሰን ትልቅ እንሥራ»

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን ይወዱታል።

አዲስ ሕንጻ የሚሹት ካህናትና ምእመናን ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ቅድስናው ያለው በታቦቱና በቅዳሴው እንጂ በድንጋዩ ዕድሜ አይደለም ይላሉ። ታሪክም ያግዛቸዋል። ደብረ ሊባኖስ በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሎ ከዚያ በኋላ በተለያየ ዘመን እንደገና ተሠርቷል፤ ዛሬ የምናየው ሕንጻ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ዛሬ የሚቀደስበት ሕንጻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያሠሩት አይደለም። አባቶቻችን ሲያረጅ እየሠሩ ካቆዩልን እኛ ብንሠራ ምን ያስነውራል? የተሰጠውን ገንዘብስ ለዕጥፍ ምእመን በሚበቃ ሕንጻ ላይ ብናውለው?

የቅርስ ባለሙያዎች መልስ ደግሞ ይህ ነው። ድሮ አሮጌው ሲፈርስ የሚተካው በዚያው ዓይነት ድንጋይ፣ እንጨትና ጥበብ ነበር፤ አሠራሩ ይወረስ ነበር። ዛሬ የሚተካው በብረትና በኮንክሪት ነው፤ ሕንጻው ብቻ ሳይሆን የግንበኛው እውቀትም አብሮ ይቀበራል። የሥዕሉ ጉዳይም አለ፤ ግድግዳው ሲናድ ጨርቁን ሳይጎዱ ለማንሳት የሚችል ሙያተኛ በጣም ጥቂት ነው። የፈረሰ ነገር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈርሰው።

እዚህ ላይ ሦስት ቃላትን መለየት ክርክሩን ያቀልለዋል። ኮንሰርቬሽን ያለውን ባለበት እንዲቆይ መንከባከብ ነው። ሬስቶሬሽን የተጎዳውን ክፍል በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ነው። ሪኮንስትራክሽን ግን የጠፋውን እንደ አዲስ መሥራት ነው። በአማርኛ ሦስቱንም «እድሳት» ስለምንላቸው አንድ ሕንጻ ታደሰ ሲባል ዳነ ወይስ ጠፋ ማወቅ አይቻልም። ከቤተ መንግሥቱ ጥቂት የግንብ ቁራጭ ብቻ የተረፈበት የአንኮበር ኮረብታ ዛሬ የቤተ መንግሥት ስም የያዘ ሎጅ አለው። ሎጁ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለአካባቢው ሰው ሥራ ይሰጣል፤ የንጉሡ ቤት ግን አይደለም። የቀድሞው የእንጨት ቤተ መንግሥት ነበር፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ክዳን ቀያሪው አብሯቸው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የዝናብ ሥራ ነው።

መካከለኛው መንገድ በአንዳንድ አካባቢዎች ሲሞከር ይታያል፤ አዲሱን ሕንጻ በአጸዱ ውስጥ ወይም አጠገቡ ሠርቶ አሮጌውን ለሙዚየም ወይም ለዕቃ ቤት ማቆየት። ይህ ምእመኑንም ቅርሱንም ያከብራል። ነገር ግን አሮጌው ቤት ምእመን ሲያጣ ሕያው ቅርስ መሆኑ ያበቃል፤ በዓመት ጣራውን የሚያይለት ሰው ካልተመደበ ከመፍረስ አላመለጠም፣ ጊዜው ተራዘመለት እንጂ።

ቱሪዝም ይከፍል ይሆን?

ቅርሱ ራሱን በቱሪስት ገቢ ያስተዳድር የሚለው ተስፋ በሰላም ጊዜም ቢሆን ለጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚሠራ ነው። ከዚያም በ2012 ኮቪድ መጣ፤ በ2013 አጣዬ በግጭት ወደመች፤ በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዘለቀ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። እንግዳ በሌለበት የመግቢያ ትኬት ጣራ አይከድንም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ንሯል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ጣራ የተሰበሰበ መዋጮ ዛሬ ለግማሹ ላይበቃ ይችላል። የአካባቢ ኖራ፣ ጭቃና ሣር በዚህ ዓይን ሲታዩ የኋላ ቀርነት ምልክት ሳይሆኑ የማይንር ዋጋ ናቸው።

የሚጠፋው በምን ቅደም ተከተል ነው?

አሁን ባለው አያያዝ ከቀጠለ መጀመሪያ የሚሄደው ሥዕል ነው፤ ውሃን ለመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነውና። ቀጥሎ ባለቤት የሌላቸው ፍርስራሾች ናቸው፤ የኢፋት ከተሞች ድንጋይ አንድ በአንድ ሲነሣ ዜና አይሆንም። ሕንጻው ራሱ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል፤ የምናየውና ፎቶ የምናነሳው እሱን ስለሆነ ግን መጀመሪያ የጠፋ ይመስለናል።

በብራናው በኩል አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የበርካታ የሸዋ አድባራትን መጻሕፍት ፎቶ አንስቷል፤ በጠቅላላ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል፣ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኔሶታ ተቀምጠዋል። ለዓመታት ካታሎጉን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተወለዱት እዚሁ ሸንኮራ ነው። ዋናው ብራና በሻጋታ ወይም በሌባ ቢጠፋ እንኳ ቃሉ ተርፏል። ለግድግዳ ሥዕሎቹና ለፍርስራሾቹ ይህን ያህል ስፋት ያለው ሥራ አልተሠራላቸውም። ዛሬ በስልክ ካሜራ ሊጀመር የሚችል ነው፤ እያንዳንዱ ደብር ሥዕሉን ግድግዳ በግድግዳ፣ ከነቀኑ፣ ቢያነሳና ቅጂውን ለሀገረ ስብከቱና ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቢያስቀምጥ ምንም ብር አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 1 እና ግንቦት

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሸዋ ደጋ ከባድ ዝናብም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለጥገና የጠየቀው ገንዘብ ቢፈቀድለት እጁ የሚገባው ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። ሥራ የሚሠራው ከጥቅምት ወዲህ ሲሆን፣ አሸንዳው መጠረግ፣ ምስማሩ መመታት፣ ቦዩ መውጣት ያለበት ግን በሚያዝያና በግንቦት ነው። በዚያ ጊዜ የዓመቱ በጀት ወይ አልቋል ወይ ለመዝጊያ እየተሰበሰበ ነው። በወረቀት ላይ ገንዘቡ አለ፤ በግንቦት ግን የለም።

ስለዚህ ትንሹ ገንዘብ ከመንግሥት የበጀት ዓመት ውጭ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ሰሞንና ወቅፍ ይሠሩት የነበረው ይህን ነው። ዛሬ መሬት ሊሆን አይችልም። በአንድ ወረዳ ያሉ አድባራትና መስጊዶች፣ ከአካባቢው ተወልደው በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች፣ ወረዳውም ጭምር የሚያዋጡበትና ዋናው የማይነካ የባንክ ተቀማጭ ሊሆን ይችላል። በርግጥ የዋጋ ንረቱ ከወለድ በሚበልጥበት ጊዜ ተቀማጭ ገንዘብ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ይህ የሐሳቡ ትልቁ ድክመት ነው። በከተማ የሚከራይ ሱቅ ወይም የወፍጮ ቤት ከባንክ ደብተር የተሻለ ሰሞን ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ አድባራት ይህን ለካህናት ደመወዝ ጀምረውታል። ከኪራዩ የተወሰነ እጅ ለጣራና ለቦይ ብቻ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ፣ ከሰበካው አንድ ሰው በገበዝነት ተሰይሞ በግንቦት መጀመሪያ መሰላል ይዞ እንዲወጣ ቢደረግ፣ በመስከረም ደግሞ ያየውን ለጉባኤው ቢያቀርብ፣ ያ ሰው ከሚመጣው ፕሮጀክት ሁሉ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ለኖራ ከተማ ፍርስራሽና ለመንዝ ጉብታዎች ገበዝ የሚሰይም ሰበካ የለም። እዚያ የሚያስፈልገው ከአካባቢው ገበሬዎች ውስጥ ከወረዳው ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ጠባቂና በድንጋይ የተመለከተ ወሰን ነው። በመደበኛ በጀት ሊያዝ የሚችል፣ ከአንድ የደመወዝ መደብ የማይበልጥ ወጪ ነው፤ የቀጣዩ ዓመት በጀት ጥያቄ ከወረዳ ወደ ዞን ሲሄድ መካተት አለመካተቱን ማየት ይቻላል።